የሸህ ሙሄ ቅጠልና የከላላ መንገድ

ከላላ የምትባለውን ወረዳ አይታችሁ የማታውቁ፣ ወደፊትም የማየት ሐሳብ የሌላችሁ አንባቢዎች ብትሆኑ ቅር አይለኝም። እኔም እስከዚያ ሐምሌ ድረስ ከእናንተ ወገን ነበርኩ። ከላላ ለእኔ አዲስ አበባ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ፣ በትልቁ ስክሪን የምትታይ አንዲት ነጥብ ነበረች። መስመሩ ሲሠራ አረንጓዴ ትሆናለች፣ ሲቋረጥ ቀይ። ነጥቧ አረንጓዴ ከሆነች ከላላ ደህና ናት ብዬ ምሳዬን እበላለሁ።

ሥራዬ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከዋናው ከተማ የሚያገናኙ ራውተር የሚባሉ ሣጥኖችን ማዋቀር ነው። በዚሁ መስመር ላይ ፍርድ ቤቶችም በስክሪን ያስችላሉ። ባለጉዳዩ ወረዳው አዳራሽ ይቀመጣል፣ ዳኛው አዲስ አበባ። የአገሩ ሰው ይህን ሁሉ «ፕላዝማ» ይለዋል።

ከከላላ የመጣው አቤቱታ አጭር ነበር። ጦይባ የምትባል እናት ልጇን ለመረከብ ይግባኝ ብላለች። ሦስት ቀጠሮ አዳራሹ ገብታ ፕላዝማው ፊት ተቀምጣለች፤ ሦስቱንም ቀን ምስሉ ጠፍቷል፤ መዝገቡ ላይ ግን «ይግባኝ ባይ አልቀረበችም» ተብሎ ተጽፏል። ፍርድ ቤቱ ስለ መስመሩ ጠይቆን ነበር። እኔ የነጥቧን ታሪክ ወደ ኋላ አየሁ። በሦስቱም ቀን አረንጓዴ ናት። ስለዚህ «መስመሩ ይሠራ ነበር» ብዬ መልስ ጻፍኩ፣ ፈረምኩም። አራተኛው ቀጠሮ ዓርብ ነው። ዓርብ ካልቀረበች መዝገቡ ይዘጋል። የወረዳው ሰዎች አሁንም መስመሩ ነው እያሉ ስለጮኹ አለቃዬ «ሄደህ እየው፣ ይረፉ» አለኝ። እኔም እንዲያርፉ ሄድኩ።

ሰኞ

አውቶቡሱ ከመርካቶ ሲወጣ ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ትልቅ የቴሌቪዥን ካርቶን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ካርቶኗን እንደ ሕፃን ፊት በየደቂቃው ያብሷታል። ልጃቸው ከጅዳ የላከችላቸው ነው። ደብረ ሲና ለምሳ ስንወርድም አላስቀመጧትም፤ ተሸክመዋት ገቡ። እኔ ጥብስ ሳዝዝ እሳቸው ካርቶኗ ላይ ሽሯቸውን ዘርግተው በሉ። አዲስ አበባ ቢሆን ሁላችንም ስቀን እናልፋለን፤ እዚያ ግን አስተናጋጁ ራሱ መጥቶ ካርቶኗ እንዳትበላሽ ከሥር ጋዜጣ አነጠፈላቸው።

ደሴ የገባነው ዝናብና ጉም ተቀላቅለው ነው። ሆቴሉ በር ላይ «ሙቅ ውኃ አለ» የሚል ጽሑፍ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ክፍሌ ገብቼ ቧንቧውን ስከፍት ጣቴን የሚያደነዝዝ ውኃ መጣ። ወርጄ ጠየቅኩ።

«ሙቅ ውኃ የለም እንዴ?»

«አለ» አለችኝ ልጅቷ ከመዝገቧ ቀና ሳትል።

«አሁን ቀዝቃዛ ነው እኮ የሚወርደው።»

«አሁንማ መብራት ሄዷል። ሙቅ ውኃ ግን አለ።»

ተናድጄ ፊቴን ብቻ ታጥቤ ተኛሁ። ሁለት ቀን ቆይቼ በዚህች ልጅ የመናደድ መብት እንደሌለኝ ተረዳሁ።

ማክሰኞ

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ያለው መንገድ ኮረኮንች ነው። ጉጉፍቱ የሚባለው ከፍታ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ክፍተት እየገባ ጉልበቴን ሲይዘኝ፣ ከኋላዬ ያሉ እናት ምንም ሳይሉ የጋቢያቸውን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ሳይጠይቁኝ፣ ስሜን ሳያውቁ። ከሸገር የመጣ ሰው ምን ብሎ እንደሚያመሰግን አያውቅም፤ እኛ በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን አንተያይም። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ስል «አሚን» አሉኝ።

አቀስታ ምሳ የገብስ እንጀራ በሽሮ በላን። የገብስ እንጀራ ወፈር ያለ ነው፤ ሁለት ጉርሻ ላይ ጠገብኩ ብዬ ስተው ባለቤቷ መክፋቷን በግልጽ ነገረችኝ። «ያላማረህ ከሆነ ንገረኝ፣ ሌላ እሠራለሁ» አለች። ሌላ እንዳትሠራ ስል ያንኑ ጨረስኩት። ከአቀስታ ወዲያ ጎማ ፈነዳ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሲረዳ እኔም ድንጋይ አቀበልኩ፤ ያቀበልኩት ድንጋይ ትንሽ ነው ተብሎ ተመለሰልኝ።

መካነ ሰላም ስንደርስ ይመር መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ይመር የመካነ ሰላሙን ዕቃ የሚጠብቅ ባለሙያ ነው። በስልክ ሁለት ዓመት ተጨቃጭቀናል፤ ፊት ለፊት ስንተያይ ግን የመጀመሪያችን ነው። በስልክ ረጅም ይመስለኝ ነበር። እሱም እኔን በሌላ መልክ አስቦኝ ኖሯል።

«ኢንጂነር፣ አንተ ነህ?» አለኝ ከላይ እስከ ታች እያየኝ። «በድምፅህ ቦርጫም ትመስላለህ።»

የተያዘልኝ ፔንሲዮን አልጋው ያጥራል፣ ብርድ ልብሱ ሳሳ ያለ ነው። ይመር ክፍሉን አይቶ ሄደ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የራሱን ብርድ ልብስ በክንዱ አንጠልጥሎ ተመለሰ። እሱ ምን ለብሶ እንደሚያድር ብጠይቀው «ሚስት አለችኝ» አለ።

ረቡዕ

ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳው ሁሉ የሥራ ሂደት ለውጥ በሚያሳዩ ሠንጠረዦች ተሸፍኗል። ቀስቶች ወደ ቀስቶች ያመለክታሉ። ራውተሩ ከኋላ ክፍል፣ በካቢኔ ውስጥ ተቀምጧል። ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ነገሩን በቀላል ቋንቋ ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም የጉዞው ሁሉ ቁም ነገር እሱ ነው።

ራውተር መልእክት ያሳልፋል። የሚያውቃቸው አድራሻዎች ዝርዝር አለው። የማያውቀው አድራሻ ሲመጣበት ደግሞ «የማታውቁትን ሁሉ ለእኔ ስጡኝ፣ እኔ አደርሳለሁ» ብሎ ላስታወቀ ጎረቤት ያስረክባል። በእኛ ሙያ ይህን «ዲፎልት» እንለዋለን። ከላላ ከሳተላይት የሚያገናኝ የራሷ ዲሽ የላትም። በተራራ ላይ በቆሙ ሬዲዮኖች ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ትነጋገራለች፤ አንዱ መካነ ሰላም፣ ሁለተኛው ወግዲ። ሁለቱም ዲሽ አላቸው። መካነ ሰላም የሚሻል መስመር ስለሆነ ከላላ እሱን ታስቀድማለች፤ እሱ ዝም ሲል ብቻ ወደ ወግዲ ትዞራለች።

እንግዲህ መካነ ሰላም ይህን ማስታወቂያ በሁለት ዓይነት መንገድ ማውጣት ይችላል። አንደኛው በቅድመ ሁኔታ ነው፤ ራሱ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ሲኖረው ያስታውቃል፣ ሲያጣ ዝም ይላል። ሁለተኛው ያለ ምንም ሁኔታ ነው፤ መንገድ ኖረውም አልኖረውም «ለእኔ ስጡኝ» ይላል። የሁለቱ ልዩነት የአንዲት ቃል ትእዛዝ ናት፤ «ምንጊዜም»።

ኮምፒዩተሬን ሰክቼ ማዋቀሪያውን ከፈትኩ። ቃሏ እዚያው ቁጭ ብላለች። ከአጠገቧ፣ ማን እንደጻፋት እንዲታወቅ በደንባችን መሠረት ሁለት ፊደል ተቀምጧል። የእኔና የአባቴ ስም መነሻ ናቸው።

ትዝ አለኝ። ከአንድ ዓመት በፊት፣ አዲስ አበባ ተቀምጬ ሳዋቅር ማስታወቂያው አልወጣ ብሎ አስቸገረኝ፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። «ምንጊዜም» የምትለዋን ስጨምር ወጣ። ሠራ ብዬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ የመካነ ሰላም ዲሽ በዝናብ ምክንያት ሰማዩን ባጣ ቁጥር ይህ ሣጥን «አለሁ፣ ስጡኝ» ይላል፣ ከላላ አምና ትሰጣለች፣ የተሰጠው ሁሉ ገደል ይገባል። ወግዲ ዲሹን ከፍቶ በባዶ ይጠብቃል።

የነጥቧም ነገር ገባኝ። የእኛን ቢሮ አድራሻ ከላላ በስም ታውቀዋለች፤ ስለዚህ እኛ «አለሽ?» ስንላት በወግዲ በኩል ትመልስልን ነበር። አረንጓዴ። የፍርድ ቤቱን አድራሻ ግን አታውቀውም፤ እሱን ለመካነ ሰላም ታስረክባለች። መስመሩ ይሠራ ነበር ብዬ የፈረምኩት ለእኔ ሲሠራ ነበር፤ ለጦይባ አይሠራም ነበር።

«ምን አገኘህ?» አለ ይመር በትከሻዬ ላይ እያየ።

«ትንሽ የማዋቀር ችግር ናት» አልኩት። ስክሪኑንም ወደ ታች አንከባለልኩ። አፍሬ ነበር፤ ማፈሬንም ደበቅኩ።

ቃሏን አጠፋሁና በቦታዋ ሁኔታ አስገባሁ። ከራውተሩ ወደ ዲሹ መሣሪያ የሚሄደው ሽቦ ሕይወት ካለው አስታውቅ፤ ከሞተ ዝም በል። ሽቦውን ነቀልነው፤ ዝም አለ፣ ከላላም ወደ ወግዲ ዞረች። ሰካነው፤ ተመለሰች። ይመር እጄን ጨበጠኝ። የጾም ቀን ስለነበረ በምስር ወጥ አከበረኝ፤ እኔም ሳይገባኝ በላሁ።

ሐሙስ

ወደ ከላላ በመኪና የሚዞረው መንገድ በድልድይ በኩል ነው፤ በጭቃ ምክንያት መኪና አልነበረም። ይመር ሁለት በቅሎ ተከራይቶ መጣ። ኮምፒዩተሬን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለልነው። በቅሎ ላይ ስወጣ በአንድ በኩል ወጥቼ በሌላው ወረድኩ፤ ከዚያ በኋላ በቅሎዋ ናቀችኝ፣ ቀኑን ሙሉም እንደናቀችኝ ነበር። ከተማ ውስጥ ታክሲ መቆሚያው ከራቀኝ የምነጫነጭ ሰው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የጭኔን ሥጋ አንድ በአንድ አወቅኩት።

ረፋዱ ላይ መንገዱ አንድ ገደል አፋፍ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ግራው በድልድዩ ይዞራል፣ ረጅም ነው። ቀኙ ወደ ወንዙ መሻገሪያ ቁልቁል ይወርዳል፣ አጭር ነው። በቀኙ መንገድ አፍ ላይ አንድ ለምለም የዛፍ ቅርንጫፍ ተጋድሞ፣ እንዳይነፍስ ድንጋይ ተጭኖበታል። መንገዱ የተዘጋ መሰለኝና በቅሎዬን ወደ ግራ መለስኩ፤ ቢያንስ ሞከርኩ።

«የት ነው?» አለ ይመር። «ቅጠል አለ እኮ። መውረድ ነው።»

አፋፉ ላይ ካለው ቤት አንድ ሽማግሌ ወጡ። ሸህ ሙሄ ይባላሉ። ይመር ክርስቲያን ነው፤ ግን ከበቅሎው ወርዶ «አሰላሙ አለይኩም ሸህዬ» አላቸው።

«ወአለይኩም ሰላም ይመር። መርሐባ፣ እስቲ ወረድ በሉ። እንግዳው ማነው?»

«ፕላዝማውን ሊሠራ የመጣ ነው።»

«ማሻአላህ። ታዲያ ሳይበላ ነው የሚሻገር?»

በእንጨት ሣህን እርጎ፣ ከላዩም በሶ አመጡልን። እየበላሁ ስለ ቅጠሉ ጠየቅኳቸው። ሙያዬ አስቸገረኝ መሰለኝ፣ ምልክት ሳይ ማን ነው ያወጣው ማለት እወዳለሁ።

«እኔ ነኝ የማኖራት» አሉ። «ጎሕ ሲቀድ፣ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ወደ አፋፉ እሄዳለሁ። ውኃው የሚያሻግር ከሆነ ቅጠል አኖራለሁ። ካልሆነ አነሳለሁ። ቅጠል ከሌለ ማንም አይጠይቀኝም፤ ዝም ብሎ በድልድዩ ይዞራል።»

«ወንዙ ድረስ ይወርዳሉ?»

«ምን አወረደኝ ልጄ፣ በዚህ ጉልበቴ። ማዶ ካለው ዳር አንዲት ጥቁር ድንጋይ አለች። አናቷ ከታየ ውኃው ከበቅሎ ሆድ በታች ነው። ካልታየች ቅጠል የለም።»

«በዚህኛው ዳር ያለውን ውኃ ማየት አይቀልም? ቅርብ ነው።»

ሸህ ሙሄ እንደ ሕፃን አዩኝ። «ይቀላል። ግን ይሄኛው ዳር ወንዙ ሞልቶም ሰላም ይመስላል። ሰው የሚወሰደው ማዶ ሊደርስ ሲል ነው። ማዶውን ካላየሁ ምንም አላየሁም።»

ይመር «ያችን በቅሎ ንገሩት» አላቸው። ሽማግሌው ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ።

«አንድ ክረምት ቅጠሏን አኑሬ፣ ሳላነሳት ገበያ ወጣሁ። ላይኛው አገር ዘነበ። አንድ ሰው ቅጠሏን አምኖ ገባ። እሱን አላህ አተረፈው፤ በቅሎዋ ከነጭነቷ ሄደች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቤቱ ሄድኩ። ቅጠሏን ረስቼ የተውኳት እኔ ነኝ አልኩት።»

«ሳይጠይቅዎት?»

«ማን ይጠይቀኛል? ወንዝ ነው ብሎ ነበር። ግን ቅጠሏ የኔ ነበረች።»

«ምን አለዎት?»

«ሰደበኝ። ከዚያ ምሳ አበላኝ።»

ይመር ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ወንዙን ስንሻገር ውኃው በእውነትም ከበቅሎዋ ሆድ በታች ነበር፤ ጥቁሯ ድንጋይ አጠገብ ስደርስ እግሬን ወደ ላይ ሰብስቤ ከረጢቱን ደረቴ ላይ አቅፌ ነበር ያለፍኩት።

ከላላ ስንደርስ ጦይባ አዳራሹ በር ላይ ትጠብቀናለች። ሠላሳ ያልሞላት፣ ቀጠን ያለች፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ጅዳ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። ስትሄድ ሦስት ዓመት የሞላትን ልጇን አዲስ አበባ ለባሏ እህት ትታ ነበር፤ ባልየው በመሃል ሞተ፣ ስትመለስ አክስትየዋ ልጅቷን አልሰጥም አለች። አዲስ አበባ ሄዳ ለምን ራሷ እንደማትቀርብ ጠየቅኳት።

«እናቴ ከአልጋ ወድቃለች» አለች። «የሚያገላብጣት እኔ ብቻ ነኝ። በፕላዝማ ይቻላል ስላሉኝ አመንኩ።»

ልንፈትሽ ተቀመጥን። ስክሪኑ ላይ የአዲስ አበባው የፍርድ ቤት ባለሙያ ፊት ጥርት ብሎ ታየ። ጦይባ ከኋላዬ ትንፋሿን ስትለቅ ሰማኋት። ከዚያ በመካነ ሰላም አቅጣጫ ሰማዩ ጠቆረ። ምስሉ ቆመ፣ ቀጥሎ ጠፋ። ወደ ወግዲ እስክትዞር ጠበቅኩ። አልዞረችም። ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ። ስክሪኑ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ።

«እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለች ጦይባ። «ሦስቱንም ቀን እንዲህ ነው ያደረገው።»

ከከላላ እስከ መካነ ሰላም ያለው ሬዲዮ ደህና ስለነበር በእሱ በኩል ገብቼ የመካነ ሰላሙን ሣጥን አየሁት። ዲሹ ሰማዩን አጥቷል። ከራውተሩ ወደ ዲሹ መሣሪያ የምትሄደው የሁለት ክንድ ሽቦ ግን ሕይወት አላት፤ መሣሪያው እኮ አልጠፋም፣ የማይሰማው ሰማዩን ነው። እኔ ሁኔታውን ያሰርኩት በእሷ ነበር። ሽቦዋ አለች፣ ስለዚህ «ስጡኝ» ይላል። ረቡዕ ስንፈትሽ በእጃችን የነቀልነው እሷኑ ስለነበር ሠራ፤ ዝናብ ግን ሽቦ አይነቅልም።

የቅርቡን ዳር አይቼ ቅጠል አኑሬ ነበር።

ይህን ጮክ ብዬ ሳልለው አልቀረሁም፣ ይመር «ምን?» አለኝ። ሁኔታውን ቀየርኩት። አዲሱ ሁኔታ ይህ ነበር፤ የአዲስ አበባውን ቢሮ አድራሻ በራስህ ዲሽ በኩል ካየኸው ብቻ አስታውቅ፣ እሱ ከዝርዝርህ ሲጠፋ ዝም በል። ማዶ ያለችው ድንጋይ እሷ ናት። አስገባሁና ጠበቅን። አንድ ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ከዚያ የመካነ ሰላም ማስታወቂያ ጠፋ፣ ከላላ ወደ ወግዲ ዞረች፣ የባለሙያው ፊት ስክሪኑ ላይ ተመለሰ። ሰውዬው ዳቦ እየበላ ነበር።

እራት ጦይባ ቤት ተጋበዝን። ክርስቲያን እንግዶች ስለሆንን በሥጋ እንዳንቸገር እንቁላል በቅቤ ጠብሳ፣ እርጎ ጨምራ አቀረበች። እናቷ ከአልጋቸው ሆነው የማላውቃቸውን ወሊዮች፣ የአገሩን ቅዱሳን እየጠሩ መረቁኝ። «ልጄን ያቆምክልኝ፣ አላህ ያቁምህ» አሉኝ። ጦይባ ደግሞ «ኢንጂነር፣ እርስዎ ባይመጡ ምን እሆን ነበር» አለች። ጉርሻዬን መልሼ ሣህኑ ላይ አስቀመጥኩ። ይመር የጠገብኩ መስሎት «ብላ እንጂ» አለኝ።

ዓርብ

ጠዋት ጉም ነበር። ጦይባ ነጭ ሻሽ አስራ፣ እናቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ቀድማን ደርሳለች። ሦስት ሰዓት ላይ ስክሪኑ በራ። ዳኛዋ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው። በቀኝ በኩል አክስትየዋና ጠበቃዋ፤ በመሃላቸው ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት፣ ፀጉሯ ሁለት ጉንጉን የተሠራ ልጅ። ጦይባ ልጅቷን ስታይ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ልጅቷ ወደ ስክሪኑ ቀና አለች፤ እኛን እያየች ነው፤ እናም ምስሉ እዚያው ላይ ቆመ።

ከዚያ ሰማያዊ ሆነ። መካነ ሰላም ላይ እየዘነበ ነበር።

«አለሁ» አለች ጦይባ ለስክሪኑ። «ክብርት ሆይ፣ አለሁ። እዚሁ ነኝ። አለሁ።»

ማንም አይሰማትም። ይህን እያወቅኩ ሰዓቴን እመለከታለሁ። ሠላሳ ሴኮንድ። ይመር ከንፈሩን ነክሷል። እንደዚያ ቀን ረጅም ደቂቃ አላውቅም። በሕይወቴ ብዙ ነገር ጠብቄአለሁ፤ ሰው እንዲያ «አለሁ» ሲል እየሰሙ መጠበቅ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ሃምሳ። ባለሙያው መልሶ ደወለ። ስክሪኑ ነጭ ሆነ፣ ከዚያ ፊቶቹ መጡ፤ ትንሽ ደብዘዝ ብለው፣ ድምፁም ዘግየት ብሎ። በወግዲ በኩል ነበር የመጡት።

«ይግባኝ ባይ፣ አለሽ?» አሉ ዳኛዋ።

«አለሁ።»

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ወንበሬ ላይ ዘና አልኩ። አላበቃም። ጠበቃው ተነሥቶ ተናገረ። ይህች እናት ሦስት ጊዜ ተጠርታ አልቀረበችም አለ። መስመሩ ተቋርጦ ነው የሚለው ሐሰት መሆኑን የሚመለከተው ቢሮ በጽሑፍ አረጋግጧል አለ። ወረቀቱንም ከፍ አድርጎ አሳየ። የእኔ ፊርማ ነበር። ለልጇ ቀጠሮ የማትመጣ እናት ልጅ ታሳድጋለች ወይ ብሎ ተቀመጠ። ዳኛዋ ፍርድ ቤቱ ለክረምቱ ከመዘጋቱ በፊት ውሳኔ እንደሚሰጥ ተናግረው፣ ይግባኝ ባይዋ በሦስቱ ቀናት መቅረቧን የሚያስረዳ ማስረጃ ካላት በሳምንት ውስጥ እንድታስገባ አዘዙ።

ከአዳራሹ ወጥተን በረንዳው ላይ ቆምን። ይመር በቅሎዎቹን ሊያመጣ ሄደ። ጦይባ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላለች።

«ጦይባ» አልኳት፣ «የምነግርሽ ነገር አለ።»

ነገርኳት። «ምንጊዜም» ስለምትለዋ ቃል፣ ስለ ምሳ ሰዓቱ፣ ስለ አረንጓዴዋ ነጥብ፣ ስለ ፊርማዬ። ሸህ ሙሄ እንዳደረጉት፣ ወንዝ ነው ሳልል ነገርኳት።

«ሦስቱንም ቀን አንተ ነህ?» አለች። እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ነበር የምትለኝ።

«ሦስቱንም ቀን።»

«እኔ ደግሞ ዕድሌን ስረግም ነበር። ዕድሌ ለካ ምንም አላጠፋም።»

ይቅርታ አልኳት።

«አብሽር፣ አይዞህ ልልህ አልችልም» አለች። «ጻፍልኝ።»

«ምን ልጻፍ?»

«አሁን ያልከኝን። ጦይባ ነበረች ብለህ ጻፍ። አክስቷም እንድታነበው፣ ጠበቃውም እንዲያነበው። ልጄም ፊደል ቆጥራለች፣ አንድ ቀን ታነበዋለች።»

እዚያው አዳራሹ ውስጥ ጻፍኩት። ይመር ተመልሶ በትከሻዬ ላይ አነበበ። «ኢንጂነር፣ ይህን ከፈረምክ አለቃህ ዝም አይልህም» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። «ረቡዕ ትንሽ የማዋቀር ችግር ያልከኝ ይህንን ነው?» አለ። ይህንን ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና በሦስቱም ቀን የመካነ ሰላም ዲሽ ሰማዩን አጥቶ እንደነበር ከሥሬ ጽፎ ፈረመ። ጦይባ ጽሑፉን እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ «ይግባኝ ባይዋ በሦስቱም ቀጠሮ ከላላ ቀርባ ነበር፤ ያልነበረው መንገድ ነው፤ አለ ብዬ ያስታወቅኩ እኔ ነኝ» የሚለው ጋ ስደርስ እንድደግምላት አደረገች።

ከዚያ በኋላ

መመለሻው ላይ ቅጠል አልነበረም። በድልድዩ ዞረን መካነ ሰላም ስንገባ ሁለታችንም በጭቃ አንድ ዓይነት ሰው ሆነን ነበር። ቅዳሜና እሑድ አውቶቡስ ላይ አለፉ፤ ደሴ ያችው ልጅ «ሙቅ ውኃ አለ» አለችኝ፣ እኔም አልተከራከርኳትም። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ከመግባቴ በፊት ጽሑፉን ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አስረከብኩ። አለቃዬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፣ ለስድስት ወርም ማዋቀሪያ እንዳልነካ ታዘዝኩ። ከባድ ነበር፤ አልዋሽም፣ አዝኜበታለሁ።

በነሐሴ ይመር ደወለልኝ። ውሳኔው ለጦይባ ሆኗል። አክስትየዋ ልጅቷን ራሷ መካነ ሰላም ድረስ አምጥታት፣ ጦይባ እናቷን ለጎረቤት ትታ መናኸሪያ ወርዳ ተቀብላታለች።

«ከላላ ገቡ?» አልኩት።

«ገብተዋል። ግን ሸህ ሙሄ ቅጠል አላኖሩም ነበር። በድልድዩ ነው የዞሩት፣ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀባቸው።»

«ጦይባ አልተናደደችም?»

«ምን ያናድዳታል። ልጅቷን ከፊቷ በቅሎ ላይ አስቀምጣ መንገዱን ሙሉ ታወራላት ነበር አሉ። እንዲያውም ሸህዬን ሰላም በሉልኝ ብላለች።»

ስልኩን ዘጋሁና ወደ ስክሪኑ ቀና አልኩ። ከላላ አረንጓዴ ነበረች። ስልኩን እንደገና አንስቼ ወደ ከላላ አዳራሽ ደወልኩና «አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ያነሳው ሰው ገርሞት «አለን» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እደውላለሁ።